ባጃጅ መንዳት ያልረሳ ሰው ትናንትን ሊረሳ ይችላል፦ ጭንቅላቱ ለተጎዳ ሰው ቤተሰብ የተጻፈ መመሪያ

በአሶሳ መንገድ ላይ ከባጃጅ ወይም ከሞተር ሳይክል የወደቀ፣ በኩርሙክ፣ በሸርቆሌ ወይም በመንጌ ባህላዊ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ አፈር የተናደበት፣ ማንጎ ሊያወርድ ዛፍ ላይ ወጥቶ የወደቀ ሰው ከሆስፒታል ወደ ቤቱ ሲመለስ ቤተሰቡ በመጀመሪያ የሚያየው እጅና እግሩን ነው። ቆሞ ከሄደ፣ ከበላ፣ ሰላምታ ከመለሰና ዘመዱን በስሙ ከጠራ «ተመስገን፣ ተርፏል» ይባላል። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ግን ሌላ ነገር ይታያል። ስኳር እንዲገዛ ተልኮ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ጠዋት ሊጠይቀው የመጣውን ጎረቤት ማታ ሲያገኘው «ጠፋህ እኮ» ይለዋል። ያኔ ቤተሰቡ ከሁለት ፍርዶች ወደ አንዱ ያዘነብላል። አንዳንዱ «የልጅነቱን ሁሉ እያስታወሰ የትናንቱን እንዴት ይረሳል? ሆነ ብሎ ነው» ይላል። ሌላው «አእምሮው ተነክቷል፤ ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሁለቱም ፍርዶች ሰውየውን ይበድሉታል፤ ሁለቱም የሚነሱት ማስታወስን እንደ አንድ ችሎታ ከመቁጠር ነው።

ማስታወስ ሁሉም እህል ተቀላቅሎ የሚፈስበት አንድ ጎተራ አይደለም። የተለያየ ዓይነት ትውስታ በተለያዩ የአንጎል ክፍሎች ይያዛል፤ ስለዚህ አደጋ አንዱን ሲመታ ሌላውን ሊተወው ይችላል። አሁን የተነገረንን ስልክ ቁጥር እስክንደውል ድረስ የምንይዝበት የአፍታ ትውስታ አለ። ትናንት ማን መጣ፣ ባለፈው በዓል የት ዋልን የሚለውን የሚይዝ የገጠመኝ ትውስታ አለ። መቼና የት እንደተማርነው ባናውቅም የምናውቀውን ሁሉ፣ የነገሮችን ስምና ጥቅም ጭምር፣ የሚይዝ የዕውቀት ትውስታ አለ። መንዳት፣ መስፋት፣ ቀርከሃ መሥራት፣ በገበቴ ወርቅ ማጠብ የሚኖርበት የእጅ ትውስታ አለ። ወደፊት ልናደርገው ያሰብነውን በሰዓቱ የሚቀሰቅስ የቀጠሮ ትውስታም አለ። ስለዚህ «ያስታውሳል ወይስ አያስታውስም?» የሚለው ጥያቄ የትም አያደርስም። «የትኛው ተጎዳ፣ የትኛው ተረፈ?» ብሎ የሚጠይቅ ቤተሰብ ግን በተረፈው ተጠቅሞ የተጎዳውን መደገፍ ይችላል።

ለዚህ ልዩነት ከታወቁት ማስረጃዎች አንዱ ካናዳዊው ኬንት ኮክሬን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከሞተር ሳይክል ወድቆ አንጎሉ ክፉኛ ተጎዳ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤንደል ተልቪንግና ባልደረቦቹ ለዓመታት አጠኑት። ኮክሬን ቼዝ ይጫወት፣ ከአደጋው በፊት በትምህርት ያገኘውን ዕውቀት ይናገር ነበር፤ በሕይወቱ ከገጠመው ግን አንዱንም «እኔ እዚያ ነበርኩ» ብሎ መልሶ ማምጣት አልቻለም። እንዲያም ሆኖ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍትን በቁጥራቸው መደርደር ተምሯል። ከእሱ በፊት አሜሪካዊው ሄንሪ ሞሌይሰን እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታው ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፣ በግራና በቀኝ የሚገኘውን ሂፖካምፐስ የተባለ የአንጎል ክፍል ትልቅ ድርሻውን አጣ። ከዚያ በኋላ አዲስ ገጠመኝ መያዝ አቃተው። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲስል ስታደርገው ግን እጁ ከቀን ወደ ቀን ሲሻሻል ታየ፤ እሱ ግን ከዚያ በፊት ስሎ እንደሚያውቅ አያስታውስም ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች የተለዩ ናቸው፣ የእኛ ሰው እንደነሱ አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል፤ ልክ ነው። አብዛኛው የጭንቅላት ጉዳት ቀላል ነው፤ አብዛኛው ቀላል ጉዳት የደረሰበት ሰውም በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ከበድ ያለውም ቢሆን እንዲህ ጥርት ብሎ አይለይም፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይጎዳል፣ የእጅ ትውስታ ራሱ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ሆኖም ክብደቱ እኩል አይደለም። የራስ ቅል ከውስጥ በፊትና በጎን በኩል ሸካራ አጥንት አለው፤ አንጎል በኃይል ሲናጥ እዚያ ላይ ይጋጫል። ትኩረትንና ዕቅድን የሚመራው የፊት ክፍልና አዲስ ገጠመኝ የሚመዘገብበት የጎን ክፍል በብዛት የሚጎዱት ስለዚህ ነው። ለዘመናት የተለማመድነው ሙያ የሚያርፍባቸው ጥልቅ ክፍሎችና ትንሹ አንጎል ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ።

የመጀመሪያው እርምጃ ከትውስታ በፊት ነፍስን የሚመለከት ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ራሱን ባይስትም እንኳ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ብቻውን አይተዉት። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ንጹሕ ፈሳሽ ወይም ደም ከወጣ፣ አንድ ጎኑ ከደከመ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። በተለይ ወድቆ ተነሥቶ በደህና ሲያወራ ቆይቶ ከሰዓታት በኋላ የሚፈዝ ሰው እጅግ አስጊ ነው፤ በራስ ቅሉ ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ሳያየው አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይስጡት፤ አረቄ፣ ጠላና ቦርዴም አይጠጣ። ወጌሻ ጭንቅላቱንና አንገቱን እንዳያሸው ይከላከሉ፤ ለወለምታ የተመሰገነ እጅ የተሰነጠቀ አጥንትን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። አካባቢያችን የወባ አገር ስለሆነ ደግሞ ትኩሳት ካለው መቃዠቱን ሁሉ በጉዳቱ አያሳብቡ፤ የወባ ምርመራ ይደረግለት። ሆስፒታል ሲደርሱ ባለሙያው ዓይኑን፣ ንግግሩንና እንቅስቃሴውን አይቶ ከ3 እስከ 15 የሚደርስ ቁጥር ይመዘግባል። ይህ የግላስጎው መለኪያ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ነው፤ ከ13 እስከ 15 ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ጉዳት ያመለክታል። ቁጥሩን ጠይቀው በወረቀት ይያዙ። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ከተባለ፣ አቤት ሆስፒታልም ይሁን ጥቁር አንበሳ፣ መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የሚቀበለው ሐኪም በመጀመሪያው ሰዓት ምን እንደታየ የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ቤተሰብን በጣም የሚያሳስተው ጊዜ ነው። ተጎጂው ነቅቷል፣ ያወራል፣ ይበላል፤ ቀኑን ግን አይይዝም። የት እንዳለ ይሳሳታል፣ የሞተ ዘመዱን ይጠይቃል፣ ሌሊት ተነሥቶ «ልሂድ» ይላል። ይህን የግርታ ጊዜ እንበለው። ብሪታንያዊው ሐኪም ሪቺ ራስል እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ እንዳሳየው፣ የግርታው ርዝመት ስለ ጉዳቱ ክብደት ብዙ ይናገራል። ከ1 ሰዓት በታች ከሆነ ቀላል፣ እስከ 24 ሰዓት መካከለኛ፣ እስከ 7 ቀን ከባድ፣ ከዚያ ካለፈ እጅግ ከባድ ተብሎ ይመደባል። ስለዚህ መቼ እንደጀመረና መቼ እንዳበቃ መመዝገብ የእርስዎ ሥራ ነው። መንገዱ ቀላል ነው፤ በሲድኒ ዌስትሚድ ሆስፒታል ከተዘጋጀው መለኪያ ሐሳቡን መዋስ ይቻላል። ስኒ፣ ቁልፍና ማንጎ ያሳዩት፣ በማግስቱ «ትናንት ምን ምን አሳየሁህ?» ይበሉት፣ ከተሳሳተ ሳይቆጡ መልሰው ያሳዩት። የት እንዳለና ጊዜውን በትክክል እየተናገረ ሦስቱንም ለ3 ተከታታይ ቀናት ካስታወሰ ግርታው አልፏል። እስከዚያ ግን ከዚህ ሌላ ምንም ዓይነት የትውስታ ፈተና አይስጡት፣ በዚያ ወቅት በተናገረውም አይፍረዱበት። ጸጥታ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ከባህላችን ጋር የሚጋጭ ነገር አለ፤ ታማሚን አለመጠየቅ ነውር ነው፣ ጠያቂን መመለስ ደግሞ የባሰ ነውር ነው። ጠያቂውን አይመልሱ፤ ግቢ ውስጥ ወይም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀብለው ቡና ያጠጡትና አንድ በአንድ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይግባ። «አወቅከኝ? እስቲ ማን ነኝ?» የሚለውን ፈተና ግን በር ላይ ያስቁሙ። በምትኩ ጠያቂው ራሱ «እኔ የአጎትህ ልጅ ነኝ፣ እንኳን ተረፍክ» ብሎ ይጀምር።

ግርታው ሲያልፍ ዓይነቱን የመለየት ሥራ ይጀመራል፤ የዚህ መመሪያ ዋና ነገር ይህ ነው። ከአፍታ ትውስታ ይጀምሩ፣ ምክንያቱም እሱ ከደከመ ሌሎቹ ሁሉ የተጎዱ ይመስላሉ። ቁጥሮችን ቀስ እያሉ ይንገሩትና ወዲያው ይድገማቸው፤ ከ3 ጀምረው 4፣ 5 እያሉ ይጨምሩ። ጤነኛ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ይይዛል። ቁጥር ለማይወድ ሰው የእንስሳት ስም ይጠቀሙ። ጠዋት 6 ይዞ ከሰዓት በኋላ 3 ብቻ የሚይዝ ከሆነ ድካም ወይም የትኩረት ማነስ እንዳለ ይረዱ። ሬዲዮ እየጮኸ፣ ልጆች እየተሯሯጡ የተነገረው ነገር ከመጀመሪያው ወደ ውስጥ ስላልገባ በኋላ የሚጠፋ ነገር የለም፤ ሰው «ረሳ» የሚለው ብዙው ነገር ይህ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ ሬዲዮውን መዝጋት፣ ፊት ለፊት ቆሞ አንድ ነገር ብቻ መንገር፣ ማስደገም።

ለገጠመኝ ትውስታ ሁለት አቅጣጫ አለ፤ ለየብቻ ይጠይቁ። ከአደጋው ወዲህ፦ ዛሬ ቁርስ ምን በላ፣ ትናንት ማን መጣ። ከአደጋው በፊት፦ ያለፈውን ዒድ ወይም ጥምቀት የት አሳለፈ፣ ከማን ጋር፣ ምን ተከሰተ። ፈረንሳዊው ቴዎዱል ሪቦ እ.ኤ.አ. በ1881 እንዳመለከተው የቆየው ትውስታ ከቅርቡ ይበልጥ ይጸናል። ስለዚህ የልጅነቱን አጣርቶ እየተናገረ ከአደጋው በፊት የነበረውን ሳምንት ማጣቱ የተንኮል ምልክት አይደለም፤ ከእንዲህ ያለ ጉዳት የሚጠበቅ መልክ ነው። ይህ የኋልዮሽ ክፍተት ብዙ ጊዜ እየጠበበ ይሄዳል፤ የአደጋው ቅጽበት ግን አንጎል ከመጀመሪያውም ስላልመዘገበው ብዙዎች ጋ ፈጽሞ አይመለስም። የዕውቀት ትውስታን ለመለየት ዕቃ አሳይተው ስሙንና ጥቅሙን ይጠይቁ፤ የሕዳሴ ግድብ የሚገኝበትን ወረዳ፣ ጉባን፣ ቀድሞ ያውቅ ከነበረ ይጠይቁት። ቀድሞ ያላወቀውን ዛሬ አለማወቁ ምንም አይነግረንም፤ ስለዚህ መለኪያው የድሮው ራሱ ነው። የቀጠሮ ትውስታን ደግሞ «ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ መድኃኒትህን እንድሰጥህ አስታውሰኝ» ብለው ይሞክሩት።

የእጅ ትውስታ በቃል አይጠየቅም፤ ያሠሩትና ይመልከቱ። ከሁሉም የተሻለው ፈተና በየቤታችን ያለው የቡና ሥርዓት ነው። ጭንቅላቷ የተጎዳ ሴት ቡናውን ታጥባ፣ ሳታሳርር ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ጀበናው ሳይገነፍል አውርዳ ልትቀዳ ትችላለች፤ የቀዳችው አቦል ይሁን ቶና ግን ይጠፋባት ይሆናል፣ በረካውን ሁለት ጊዜ ልታደርሰው ትችላለች። እጇ የሚያውቀው ሙያ ሙሉ ነው፤ ከደቂቃዎች በፊት ያደረገችው ግን አልተመዘገበም። ይህን አይቶ «ቡና ማፍላት የምትችል ሴት ምን ሆነች?» የሚል ባል የእጇን ትውስታ አይቶ በገጠመኟ ላይ እየፈረደ ነው። መፍትሔውም እዚያው ነው፦ በየዙሩ አንድ ፍሬ ቡና ረከቦቱ ጥግ ላይ ታስቀምጥ። ሦስት ፍሬ ሲሆን በረካው ወጥቷል። እጅ የሚሠራው ምልክት ያልተያዘውን ገጠመኝ ተካው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሚነገረው የማገገም ዘዴ ሁሉ በዚህ ምሳሌ ላይ የቆመ ነው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይህ ምርመራ በየትኛው ቋንቋና የቀን አቆጣጠር ይደረግ የሚለው ትልቅ ጉዳይ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም ሰው በቤቱ በርታኛ፣ ጉሙዝኛ፣ ሺናሽኛ፣ ማኦኛ ወይም ኮሞኛ ይናገራል። በሁለተኛ ቋንቋ የተጠየቀ የተጎዳ ሰው ከእውነተኛው አቅሙ በታች ይመልሳል፤ አፉን በፈታበት ቋንቋ ይጠየቅ። ሆስፒታል ሲሄዱም የሚያስተረጉም ዘመድ ይያዙና መልሱን እንዲያስተካክልለት ሳይሆን ከነስህተቱ እንዲተረጉም ይንገሩት፤ ዘመድ ከፍቅሩ የተነሣ መልሱን ያሳምራል፣ ሐኪሙም ጉዳቱን ሳያይ ያልፋል። ቀንና ዓመተ ምሕረት ቆጥሮ ለማያውቅ አዛውንት «ስንተኛው ቀን ነው?» ማለት ዋጋ የለውም። «አባባ፣ አሁን ማንጎ የሚበስልበት ነው ወይስ ማሽላ የሚታጨድበት? ረመዳን አልፏል ወይስ ገና ነው?» ይበሏቸው። ሰዓት ሲጠይቁም በእኛው አቆጣጠር ይሁን።

ያዩትን ሁሉ በአንድ ደብተር ይጻፉ፦ ቀኑ፣ የጠየቁት፣ የመለሰው፣ የእንቅልፉ ሁኔታ፣ ጠባዩ። መጻፍ የማይችል ቤተሰብ የሰፈሩን ተማሪ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይጠይቅ። ደብተሩን ይዘው ወደ አሶሳ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ በመተከል በኩል ላሉት ደግሞ ወደ ፓዌ ጠቅላላ ሆስፒታል በቀጠሮው ይመለሱ። የሐኪሙ ጊዜ አጭር ነው፤ «ይረሳል» ከማለት «የድሮውን ያስታውሳል፣ 5 ቁጥር ይይዛል፣ ከ10 ደቂቃ በፊት የተነገረውን ግን አይይዝም» ማለት ምርመራውን ወዲያው ወደ ቦታው ይወስደዋል። እግረ መንገዱን ሐኪሙ እንቅልፍ ማጣትን፣ ድብርትንና የድንጋጤ ጠባሳን እንዲያይለት ይጠይቁ፤ ሦስቱም ትውስታን ያደክማሉ፣ ሦስቱም ይታከማሉ። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በደረሱት ጥቃቶች ያለፉ ሰዎች ይህን ያውቁታል፦ አንዱ ክፉ ትዝታ ሳይፈልጉት ይመጣል፣ ሌላው የሚፈልጉት አይመጣም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገጥሙ ይችላሉ። አዛውንቶችን በተመለከተ ደግሞ ቀላል ከሚመስል አወዳደቅ ከሳምንታት በኋላ የሚጀምር መርሳት፣ መፍዘዝ ወይም አካሄድ መበላሸት «እርጅና ነው» ተብሎ አይተው። ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም ሊሆን ይችላል፣ በቀዶ ሕክምናም ይወገዳል። ሴት ልጅ «ወደቅሁ» ስትል ደግሞ ባለሙያው ለብቻዋ ያነጋግራት፤ በቤት ውስጥ ተመትታ ከሆነ ወደ መቺው መመለስ ሁለተኛ ጉዳት ነው።

አሁን ወደ ማገገሚያው እንምጣ። የተረፈው የእጅና የልማድ ትውስታ የሚማረው በመደጋገም ነው፤ ክፉው ነገር ስህተትንም በመደጋገም መማሩ ነው። አለን ባድሊና ባርባራ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት፣ ትውስታቸው ክፉኛ የተጎዳ ሰዎች እየገመቱና እየተሳሳቱ ከሚማሩ ይልቅ ከመጀመሪያው ትክክለኛውን ብቻ እየተነገራቸው ሲማሩ የተሻለ ይይዛሉ። ጤነኛ ሰው ስህተቱን አስታውሶ ያርመዋል፤ የገጠመኝ ትውስታው የተጎዳው ግን ስህተቱን እንደሠራ አያስታውስም፣ የተናገረው የተሳሳተ መልስ ብቻ አፉ ላይ ይቀራል። ስለዚህ «እስቲ ገምት» የሚለው የአስተማሪ ልማድ እዚህ ይጎዳል። አዲስ ስም ሲያስተምሩት «ይህች ነርስ ዘሃራ ናት» ብለው ይንገሩት፣ ወዲያው «ማን ናት?» ይበሉት። ከ1 ደቂቃ በኋላ ይድገሙ፣ ከዚያ ከ3፣ ከ6፣ ከ12 ደቂቃ በኋላ። ከተሳሳተ ወዲያው ትክክለኛውን ነግረው ወደ አጭሩ ርቀት ይመለሱ። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ያስተምሩ።

ዕቃ ሁሉ ቋሚ ቦታ ይኑረው፤ ቁልፍ በበሩ ሚስማር፣ መድኃኒት በአንድ ቆርቆሮ፣ መታወቂያና የጤና መድኅን ደብተር በአንድ ቦርሳ። አዲሱን ተግባር ለዓመታት ከጸናው ልማድ ጋር ያስሩት። አምስት ወቅት ለሚሰግድ ሰው አዛን ከማንኛውም የስልክ ደወል የበለጠ ይቀሰቅሳል፤ የማታው መድኃኒት ከመግሪብ ሶላት ጋር ይያያዝ። ለክርስቲያኑ የማለዳ ጸሎቱ፣ ለሁሉም የቡናው ሰዓት ያገለግላል። መዋጡን ረስቶ ደግሞ እንዳይውጥ የቀኑን ፍሬ ብቻ በስኒ ያስቀምጡ፤ ስኒው ባዶ ከሆነ ተውጧል። ማንበብ ለማይችል ሥዕል፣ የጨርቅ ቀለም፣ በግድግዳ ላይ የከሰል ምልክት ይበቃል። እዚህ ላይ አዘውትሮ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፦ ምልክትና ደብተር ካስለመድነው አእምሮው ይሰንፋል፣ ይልቅ አስጨንቀን እናስታውሰው ይላሉ። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም የተጎዳ ትውስታ በማስጨነቅ እንደሚጠነክር የሚያሳምን ማስረጃ የለም፤ በተቃራኒው በከባድ ጉዳት ላይ የተሻለ ድጋፍ ያላቸው ደብተር፣ ደወልና ምልክት ናቸው። ማስጨነቁ የሚያተርፈው ግምትን ነው፤ ግምት ደግሞ የተሳሳተ መልስ ይተክላል። ሌላው ተቃውሞ «ጊዜ ይፈውሰዋል፣ ተዉት» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ ከበድ ባለ ጉዳት ትልቁ መሻሻል በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት እስከ 1 ዓመት ይታያል፣ ከዚያም በዝግታ ይቀጥላል። ነገር ግን መልካሙም ክፉውም ልማድ የሚተከለው በዚያው ጊዜ ነው።

ብዙ ቤተሰብ ወደ ጠበል ወይም ሩቅያ ወደሚያደርጉ ሼኮች ይሄዳል። ይህን ከሕክምና ጋር ማጋጨት አስፈላጊ አይመስለኝም። እንዲያውም ከልጅነቱ በቃሉ የያዘው ጸሎት፣ ዱዓና ዝማሬ ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ የሚተርፍ ነው፤ ከሰዎች ጋር አብሮ ሲለው ብቻውን ያጣውን እርጋታ ያገኛል። አራት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ መድኃኒቱ አይቋረጥ፣ በሐኪም ካልተፈቀደ በጾም ውሃ አይከልከል፣ አይመታ፣ አይታሰር። ግርታ ላይ ያለ ሰው ሲታሰር ይብስበታል፤ ሲመታ ደግሞ አንጎሉ ሁለተኛ ጉዳት ያገኘዋል።

ወደ ሥራ መመለስ ላይ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የእጅ ትውስታ መልካም ስለሚመስል ነው። ባጃጁን አስነሥቶ፣ ማርሽ ቀይሮ፣ ጠምዝዞ ሲያዞር «ድኗል» ይባላል። መንዳት ግን እጅ ብቻ አይደለም፤ በድንገት የሚወጣ ልጅን ማየት፣ ከኋላ የሚመጣውን ይዞ ፊት ያለውን መመልከት የትኩረትና የአፍታ ትውስታ ሥራ ነው። ሐኪም ሳይፈቅድ፣ ይልቁንም ከጉዳቱ በኋላ ካንቀጠቀጠው፣ አይንዳ። በወርቅ ጉድጓድም እንዲሁ፦ ማጠቡን ከላይ ሆኖ መሥራት ይችላል፤ የትኛው ግድግዳ ዛሬ እንደተሰነጠቀ ማስታወስ ወደሚጠይቀው ሥር ግን አይውረድ። ሁለተኛ ምት አንጎል ገና ሳያገግም ከደረሰ ጉዳቱ ከመጀመሪያው ይከፋል። በቀን 1 ወይም 2 ሰዓት በለመደው ሥራ፣ በለመደው ቦታ፣ ከሚያውቀው ሰው ጋር ይጀምር፤ ራስ ምታቱና ድካሙ ካልባሰ በየሳምንቱ ይጨመር። ገንዘብ መቀበልና ዱቤ መያዝ መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ እስከዚያም በጽሑፍ ይሁን።

የመጨረሻው ጉዳይ ፖሊስና ሽማግሌ ዘንድ ይነሣል። አደጋው ክስ ወይም እርቅ የሚያስከትል ከሆነ ተጎጂው «እንዴት ሆነ?» ተብሎ ይጠየቃል። «አላስታውስም» ሲል ይደብቃል ይባላል፤ ከጊዜ በኋላ ሰው የነገረውን ሰምቶ ሲናገር ደግሞ ቃሉን ቀየረ ይባላል። ሁለቱም ያለ ውሸት ይሆናሉ። የተጎዳ አንጎል ባዶውን ቦታ ከሰማው ነገር ይሞላዋል፤ ሰውየውም ያየው ይመስለዋል። ስለዚህ ማንም ስለ አደጋው ከመንገሩ በፊት እሱ ራሱ የሚያስታውሰውን የመጨረሻ ነገርና ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰውን የመጀመሪያ ነገር ሳይመሩት ይጠይቁት፣ በራሱ ቃል ከነቀኑ ይጻፉ። በመሃል ያለውን ክፍተት አይሙሉለት። ቃሉን የሚቀበለው መርማሪ ወይም ሽማግሌ ያንን ወረቀት ከግርታው ጊዜ ማስታወሻና ከሐኪሙ ማስረጃ ጋር ይመልከት፤ ክፍተቱ ውስጥ ላለው ነገር በቦታው የነበሩ ሌሎች ሰዎች ይጠየቁ።